የወንጀል ፍትሕ ተማሪ መዝገብ ሳይገልጥ አይመረቅ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅድሚያ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዩኒቨርሲቲዎቻችን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ስለሚሰጠው የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ነው። በዐቃቤ ሕግነት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ሳስተምር አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለዚህ የምናገረው በሁለቱም ወገን ቆሜ ያየሁትን ነው።

ለመጻፍ ያነሣሡኝ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው። በቅርቡ ልጃቸው የሕግ ትምህርት እንደ ደረሳት ሊያበሥሩኝ ልጅቱን አስከትለው ቤቴ መጥተው ነበር። በየትኛው ዘርፍ መሥራት እንደምትፈልግ ብጠይቃት ሳታመነታ «ወንጀል ነው ጋሼ፤ ዐቃቤ ሕግ ወይም ተከላካይ ጠበቃ መሆን ነው የምፈልገው» አለችኝ። ደስ አለኝ። እናቷ ግን አንድ ጥያቄ አስከተሉ፤ «ለመሆኑ አምስት ዓመት ሙሉ ስትማር ፖሊስ ጣቢያውንም ፍርድ ቤቱንም ያሳዩዋታል ወይስ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነው የምትጨርሰው?» አሉ። ለእኒህ እናት ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልኩም። እውነተኛው መልስ የሚያኮራ አልነበረምና።

የሕግ ተማሪዎቻችን በወንጀል ዘርፍ የሚማሩት ጥቂት አይደለም። የወንጀል ሕግን ጠቅላላ ክፍልና ልዩ ክፍል፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓትን፣ የማስረጃ ሕግን እና የሰብአዊ መብት ሕግን ይማራሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውንና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ይፈትሹታል። በአንቀጽ 23 መሠረት አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ (የሕግ ክልከላው፣ ድርጊቱና የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት) ተሟልተው ሲገኙ መሆኑን ማንኛዋም የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ ታስረዳለች። ከባድ የሰው ግድያን ከተራው የሰው ግድያ፣ ሕጋዊ መከላከልን ከአስገዳጅ ሁኔታ ለይተው የሚጽፉ ጎበዝ ልጆች አሉን። በዚህ በኩል ያለው ትምህርት ጥልቀት አለው፤ አስተማሪዎቹም ይደክማሉ።

ጉድለቱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። አንድ ሰው እጁ ከተያዘበት ደቂቃ ጀምሮ ክስ እስኪመሠረትበት ድረስ ባሉት ቀናት ምን እንደሚደርስበት፣ ማን ምን እንደሚጽፍ፣ የተጻፈው ወረቀት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ፣ በየመካከሉ የሚያልፈው ስሕተት ማን እንዳያልፍ ማድረግ እንደነበረበት ተማሪው አያውቅም። የወንጀል ፍትሕ የሚባለው ነገር ግን በአብዛኛው የሚሠራው ወይም የሚበላሸው እነዚህ ቀናት ውስጥ ነው። ዳኛው ፊት የሚቀርበው እኮ መርማሪው በወረቀት ላይ ያሰፈረው ነገር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር ችሎት ደርሶ የመደመጥ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሥራ ሁለት ተማሪዎችን ይዤ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበት ጉዳይ፣ ወደሚታይበት አንድ ችሎት ሄጄ ነበር። ዕለቱ ሰኞ ነው። ቅዳሜና እሑድ የተያዙት ሁሉ ስለሚቀርቡ ሰኞ ጠዋት ኮሪደሩ ሰው አያሳልፍም። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ካቴና ታስረው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዘመዶቻቸው የምግብ ሰሐን በፌስታል ይዘው ከርቀት ያዩአቸዋል። ችሎቱ ውስጥ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ሦስት ብቻ ስለነበሩ ተማሪዎቼ ከኋላ ቆሙ።

አራተኛው ጉዳይ የአንድ ወጣት ነበር። ከመንገደኛ ላይ ሞባይል ነጥቀሃል ተብሎ ነው የተያዘው። መርማሪው የቀሩ ምስክሮችን ቃል ለመቀበልና ግብረ አበሩን ለመያዝ አሥራ አራት ቀን እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ዳኛዋ «እስካሁን ምን ሠራችሁ?» ብለው ሲጠይቁት መዝገቡን ወዲያና ወዲህ ገልጦ የተጠርጣሪውን ቃል መቀበሉን ተናገረ። ሌላ ነገር አልነበረም። ወጣቱ የሚናገረው እንዳለ ሲጠየቅ ወደ መሬት እያየ «እኔ አልወሰድኩም» አለ። ጠበቃ አልነበረውም። ዳኛዋ ሰባት ቀን ፈቅደው ሌላ መዝገብ አስጠሩ። ከጥሪው እስከ ትእዛዙ የፈጀው ጊዜ አምስት ደቂቃ የሚሞላ አይመስለኝም።

ከተማሪዎቼ አንዷ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ስትደምር አየኋት። መርማሪው ባቀረበው ሪፖርት ላይ ወጣቱ የተያዘው ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እንደሆነ ሲነበብ ሰምታለች፤ ዳኛ ፊት የቀረበው ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። 87 ሰዓት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከዚህ የሚቀነሰውም ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይቀነስ የሚል ቃል የለበትም። ጣቢያው ደግሞ ከፍርድ ቤቱ በታክሲ ሁለት ፌርማታ ነው። ከችሎት ስንወጣ ልጅቱ ደብተሯን አሳይታኝ «መምህር፣ ይህን መቁጠር የነበረበት ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህ ጥያቄ እኔ ለአንድ ሴሚስተር ካስተማርኩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። መርማሪው መቁጠር ነበረበት፤ የጣቢያው ኃላፊ መቁጠር ነበረበት፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 8 ፖሊስ ሥራውን በሕግ መሠረት ማከናወኑን እንዲከታተል ኃላፊነት የሰጠው ዐቃቤ ሕግ መቁጠር ነበረበት፤ ጠበቃ ቢኖረው ጠበቃው፤ ከሁሉም በላይ ዳኛዋ። አምስት ሰዎች ሊያዩት ይገባ የነበረውን ቁጥር የአራተኛ ዓመት ተማሪ በእርሳስ ደምራ አገኘችው። ያገኘችውም ከሌሎቹ የተሻለ ሕግ ስለምታውቅ ሳይሆን በዚያ ጠዋት ቆም ብላ ለማየት ጊዜ የነበራት እሷ ብቻ ስለነበረች ነው። እንዲህ ያለ ዐይን ያላት ልጅ ነገ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መቼ ተያዘ?» የሚል እንደሚሆን አልጠራጠርም። ያ ጉብኝት ግን በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ቦታ ስለነበረው የተደረገ አልነበረም። ከፍርድ ቤቱ ጋር በግል ተነጋግሬ፣ የታክሲውን ከኪሳችን አዋጥተን የሄድንበት ነው። የተቀሩት ከሰባ የሚበልጡ የክፍሉ ተማሪዎች ያን ጠዋት አላዩትም።

በወረቀት ላይ ከፍርድ ቤትና ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ ጋር የሚያገናኝ የተግባር ልምምድ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። በብዙ ቦታ የሚፈጸምበት መንገድ ግን የሚያሳዝን ነው። ተማሪው ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ የተመደበበት ባለሙያ ሥራ ስለሚበዛበት ፋይል እንዲደረድር ወይም ፎቶ ኮፒ እንዲያነሣ ያደርገዋል፤ በመጨረሻ ላይ «መልካም ሥነ ምግባር አሳይቷል» የሚል ቅጽ ተሞልቶለት ይመለሳል። ቅጹን አይቼ ውጤት የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ምን እንዳየና ምን እንደተማረ ግን አላውቅም።

ስለ መዝገብ ልናገር። በፈቃድ ባገኘኋቸው፣ ስሞቹ በሙሉ በጥቁር ቀለም በተሸፈኑ ሁለት የተዘጉ መዝገቦች ቅጂ ለሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። አንደኛው በመጠጥ ቤት ጠብ ስለደረሰ የአካል ጉዳት ነው። ተማሪዎቹን በአራት በአራት ከፋፍዬ ምንም መግለጫ ሳልሰጣቸው ከመጀመሪያው ገጽ እንዲያነቡ አደረግኋቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ቡድን የሦስቱ ምስክሮች ቃል በአራት ቦታ ላይ ቃል በቃል አንድ መሆኑን አወቀ፤ «በመካከላቸው በተፈጠረው አለመግባባት ምክንያት» የሚለው ሐረግ በሦስቱም አፍ ውስጥ አለ። ከሦስቱ አንዱ የቀን ሠራተኛ፣ አንዷ የመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ ናቸው። እንደዚህ ብለው እንዳልተናገሩ ለማወቅ የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ሐረጉ የመርማሪው ነው። ሌላው ቡድን ደግሞ የኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ዝርዝሩ «አንድ ቢላዋ» ሲል የሐኪሙ ማስረጃ የሚገልጸው ቁስል ግን በደነዝ ነገር የደረሰ መሆኑን አስተዋለ። ቢላዋው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ከማን እጅ እንደተያዘ፣ ማን እንደፈረመበት በመዝገቡ ውስጥ የለም።

እነዚህን ልጆች የማስረጃ ሕግን ለአራት ወር አስተምሬአቸዋለሁ። አገራችን የተጠቃለለ የማስረጃ ሕግ ስለሌላት ትምህርቱ እዚህም እዚያም ከተበተኑ ድንጋጌዎችና ከውጭ አገር መጻሕፍት የተለቃቀመ ነው፤ ተማሪዎችም ትርጓሜዎቹን ሸምድደው ያልፋሉ። በዚያች የመዝገብ ንባብ ሰዓት ግን ማስረጃ ማለት ምን እንደሆነ በእጃቸው ዳሰሱት። የሐኪም ማስረጃና የአስከሬን ምርመራ ውጤት ማንበብም እንዲሁ ነው። ከሩቅ አካባቢዎች ሳይቀር አስከሬን ለምርመራ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይመጣበት የነበረው ዘመን ረጅም ነው፤ በግድያ ክስ የብዙ ሰው ዕድል የተወሰነው ከዚያ በወጣ የአንድ ወይም የሁለት ገጽ ወረቀት ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ያንን ወረቀት ገልጦ ያነበበ ተማሪ ቢፈለግ ከመቶ አንድ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ሲመረቅ ግን በወራት ውስጥ በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ እንዲከስ ወይም እንዲከላከል ይጠበቅበታል።

ቀጥሎ የማነሣው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ ይህን የምናገረው በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ተነሥቼ ነው። የሕግ ትምህርታችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአማርኛ ሲሆን ክልሎች ደግሞ በየራሳቸው የሥራ ቋንቋ ይሠራሉ። በተመረቅሁ በሁለተኛው ወር ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ክስ በሬ ሰርቀዋል ስለተባሉ አንድ ሽማግሌ ነበር። ክሱን በእንግሊዝኛ አስቤ በአማርኛ አሰፈርኩት። ተከሳሹ «የሌላ ሰው ንብረት የሆነን ተንቀሳቃሽ ግዙፍ ነገር ከባለይዞታው ቁጥጥር ውጪ በማድረግ ተገቢ ያልሆነ ብልጽግናን ለማግኘት በማሰብ» እያለ የሚቀጥል፣ በሬው በስድስተኛው መስመር ላይ ብቻ የተጠቀሰበት ጽሑፍ ነበር። ችሎት ላይ ሲነበብ ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካክለው ዳኛውን «ጌታዬ፣ በሬ ወስደሃል ነው የሚሉኝ ወይስ ሌላም ነገር አለ?» ብለው ጠየቁ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው የማን በሬ፣ ከየት፣ በየትኛው ቀን እንደተወሰደ በሚገባቸው ቋንቋ እንዳስረዳ አዘዙኝ፤ ክሱንም አሻሽዬ እንዳቀርብ ቀጠሮ ሰጡ። ሽማግሌው ለዚያ ቀጠሮ እስኪደርሱ ተጨማሪ አሥራ ሁለት ቀን ታስረው ቆዩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሳሽ የሰጠው በቂ በሆነ ዝርዝር ስለ ክሱ የመነገር መብት በእኔ ብዕር ተጓደለ። ያን አሥራ ሁለት ቀን ዛሬም አልረሳሁትም።

ዛሬ የማስተምራቸውም ልጆች በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። በምስለ ችሎት ውድድር ላይ በእንግሊዝኛ ሲከራከሩ የሚያስደንቁ ተማሪዎች አሉን፤ «አንድ ገጽ የዋስትና አቤቱታ በአማርኛ ጻፉ» ሲባሉ ግን መነሻው ይጠፋቸዋል። «ሞራላዊ ፍሬ ነገር» ሲባሉ ግር ይላቸዋል፤ በእንግሊዝኛ ሲነገራቸው ወዲያው ይገባቸዋል። የአማርኛው ሕግ እኮ ትርጉም ብቻ ሆኖ የሚታይ አይደለም። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ሲኖር የበላይ የሚሆነው የአማርኛው ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ብቻ የተማረ ተማሪ የተማረው የበላይነት የሌለውን ቅጂ ነው ማለት ይቻላል። ወደ አዳማ ወይም ወደ መቀሌ ሄዶ የሚሠራው ደግሞ ኦሮምኛው ወይም ትግርኛው ያስፈልገዋል። የምጠይቀው ትምህርቱ በሙሉ ከእንግሊዝኛ ይውጣ የሚል አይደለም፤ ክስ፣ አቤቱታ፣ የምስክር ጥያቄና ፍርድ መጻፍን የሚመለከቱት ኮርሶች ተማሪው ሊሠራበት ባሰበው ቋንቋ ይሰጡ ነው።

ይህ የቋንቋ ችግር ሥሩ ሩቅ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ሲሆኑ ረቂቁን የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው፤ እስካሁን የምናስተምረው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በእንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ረቂቅ ላይ የተመሠረተ ነው። አንዱ ሕግ የአውሮፓ አህጉርን፣ ሌላው የእንግሊዝን ልማድ ይዞ መጣ፤ ሁለቱን አንድ ላይ እንዲሠሩ የማድረጉ ሥራ ለእኛ ተተወ። ከእነዚህ በፊት ደግሞ የራሳችን የሆነ የክርክርና የምርመራ ሥርዓት ነበረን። በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው አንድ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ይጠየቅ ነበር፤ በሌባ ሻይ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር፤ በበልሃ ልበልሃ ደግሞ ተከራካሪዎች ሕዝብ በተሰበሰበበት አፍ ለአፍ ይሟገቱ ነበር። ተማሪዎቼ ስለ ሌባ ሻይ ሲሰሙ ይገረማሉ፤ ከዚያም አንዱ ዛሬም ቢሆን ሰውን አስገድዶ ቃል መቀበል ከዚያ በምን እንደሚለይ ይጠይቃል። ከዚህ ጥያቄ ተነሥተን ወደ አንቀጽ 19 እንመለሳለን፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው የሚደነግገው ንዑስ አንቀጽ ያኔ ለእነሱ የራሳቸው ታሪክ መልስ ሆኖ ይታያቸዋል። እንዲህ ያለ ትምህርት ለመስጠት ግን በሥርዓተ ትምህርቱ የተመደበው ሰዓት አይበቃም።

ሌላም ነገር አለ። የወንጀል ፍትሕን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች በትምህርት ላይ እያሉ አይተዋወቁም። የፖሊስ መኮንኖች ሰንዳፋ በሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ፤ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ የሚሆኑት ደግሞ በየሕግ ትምህርት ቤቱ። ሁለቱም ወገን አንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ ይማራል፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ችግር አያውቅም። በዐቃቤ ሕግነት ዘመኔ በፖሊስ ላይ የተማረርኩባቸው ብዙ መዝገቦች ነበሩ፤ መርማሪው በአንድ ጊዜ ስንት መዝገብ እንደሚይዝ፣ ምስክር ለመጥራት መኪና እንደማያገኝ፣ የጣት አሻራ ውጤት እስኪመጣ እንደሚጠብቅ ያወቅሁት ግን አብሬው አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ካደርኩ በኋላ ነው። መርማሪዎችም ዐቃቤ ሕግ መዝገብ የሚመልስባቸው ለማስቸገር ይመስላቸዋል። አንድ ሴሚስተር ብቻ፣ አንድ የምርመራ መዝገብ ይዘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምርመራውን፣ የሕግ ተማሪዎች ክሱንና መከላከያውን ቢሠሩ፣ መጨረሻ ላይም አንድ ላይ ተቀምጠው የት እንደተሰናከሉ ቢነጋገሩ፣ ይህ ልጓም የለሽ መወቃቀስ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

ማረሚያ ቤትንም ማየት ይገባቸዋል። ቅጣት የሚጠይቁትና የሚወስኑት ልጆች የሚልኩበትን ቦታ ሳያዩ መቅረታቸው ትክክል አይደለም። ተማሪዎቼ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ ሊለቀቅ እንደሚችል ያውቃሉ፤ አመክሮ የሚጠብቅ ሰው አይተው ግን አያውቁም።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። በሕግ ትምህርት የመውጫ ፈተና ከሌሎቹ የትምህርት መስኮች ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ የተጀመረ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ሆኗል። ፈተና መኖሩን አልቃወምም፤ ጥራት የሌለው ትምህርት የሚሰጡ ቦታዎችን አጋልጧል። ይሁን እንጂ ጥያቄዎቹ ምርጫ የሚመረጥባቸው በመሆናቸው ተማሪውም መምህሩም ጉልበታቸውን ወደዚያ አዙረዋል። «የተያዘ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉም 48 ላይ ያጠቁራል። 87 ሰዓትን ደምራ ያገኘችው ተማሪዬ ግን በዚያ ፈተና ላይ ከሌሎቹ የምትለይበት አንድ ነጥብ እንኳ አታገኝም። አምና አንድ ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ የችሎት ጉብኝቱ በመውጫ ፈተና ላይ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አይመጣም ስለው ዕለቱን ለማጥናት እንድፈቅድለት ለመነኝ። በልጁ አልፈርድም።

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ሳቀርብ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። ተማሪው ብዙ ነው፤ ችሎቱ ጠባብ ነው፤ የምርመራ ምስጢር ይወጣል፤ በጀት የለም ይላሉ። ስለ ቁጥሩ እውነታቸውን ነው፤ ሰባ ተማሪ በአንድ ቀን አንድ ችሎት ውስጥ መክተት አይቻልም። ነገር ግን ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በየሳምንቱ አምስት አምስት ተማሪ ቢመደብ በሁለት ሴሚስተር ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ከአንድ ጊዜ በላይ ይዳረሳል። ምስጢርን በተመለከተ፣ የወንጀል ጉዳይ በመርሕ ደረጃ የሚሰማው በግልጽ ችሎት ነው፤ ሕፃናትንና የወሲብ ጥቃትን የሚመለከቱት በዝግ የሚታዩ ስለሆኑ ተማሪ አይገባባቸውም፤ በምርመራ ላይ ያለ መዝገብም አይከፈትላቸውም። እኔ የምጠይቀው ውሳኔ ያገኙና የግለሰቦች ማንነት የተሸፈነባቸው መዝገቦች ናቸው። በጀቱስ ቢሆን? በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት በጥቂት ገንዘብ እየሠሩ ናቸው፤ ተማሪዎች በመምህር ክትትል ለአቅመ ደካሞች አቤቱታ ይጽፋሉ፣ ምክር ይሰጣሉ። ወደ እነዚህ ማዕከላት የሚገባው ተማሪ ቁጥር ግን አነስተኛ ነው፤ የገቡትንና ያልገቡትን ልጆች ልዩነት ማንኛውም መምህር በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለየዋል።

ከምርቃት በኋላ ለዳኞችና ለዐቃቤያነ ሕግ የሚሰጠው የቅድመ ሥራ ሥልጠና ይበቃል የሚሉም አሉ። ሥልጠናው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የሚደርሰው ለተመረጡት ብቻ ነው፤ በግል ጥብቅና የሚሠማራውን፣ በየወረዳው በነገረ ፈጅነት የሚቀጠረውን፣ ሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራውን አያገኘውም። ለተመረጡትም ቢሆን በአምስት ዓመት ውስጥ ያልተተከለ የማየት ልማድ በጥቂት ወራት ይተከላል ብዬ አላስብም።

ስለዚህ የሥርዓተ ትምህርት ኃላፊነት ያለባቸው አካላት፣ የሕግ ትምህርት ቤቶች ዲኖች፣ ፍርድ ቤቶችና ፍትሕ ሚኒስቴር በአንድነት ተቀምጠው እንዲወስኑ የምለምነው ይህን ነው፤ የችሎት ክትትል ራሱን የቻለ ክሬዲት ያለው ኮርስ ይሁን፤ ተማሪው የሚመዘነውም በሥነ ምግባር ቅጽ ሳይሆን ባየው ላይ በጻፈው ሪፖርት ይሁን፤ ለማስተማሪያ የሚሆኑ የተዘጉ መዝገቦች ተመርጠው፣ ስሞቹ ተሸፍነው ለሁሉም የሕግ ትምህርት ቤቶች ይሰራጩ፤ ክስና አቤቱታ መጻፍ በችሎቱ ቋንቋ ይሰጥ፤ ከመውጫ ፈተናውም ቢያንስ አንዱ ክፍል ተማሪው መዝገብ አንብቦ ጉድለቱን በጽሑፍ የሚያሳይበት ይሁን። ከእነዚህ መካከል ዛሬ ሊጀመር የማይችል አለ ብዬ አላምንም፤ የመዝገቡን ጉዳይማ በአንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን መጀመር ይቻላል።

ለጎረቤቴ የሰጠኋቸው መልስ «አንድ ወይም ሁለት ቀን ይወስዷት ይሆናል፤ ካልወሰዷት እኔ እወስዳታለሁ» የሚል ነበር። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ምን ይዛ መዘጋጀት እንዳለባት ጠየቀችኝ። ሕጎቹን ቀስ ብላ እንደምትደርስባቸው ነግሬአት ለጊዜው አንድ ደብተር እንድትገዛና ገጹን በሁለት ዐምድ እንድትከፍለው አደረግኋት፤ በአንዱ ሰውዬው የተያዘበት ሰዓት፣ በሌላው ዳኛ ፊት የቀረበበት ሰዓት የሚጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር
የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መምህርና የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ
አዲስ አበባ